«በሞቴ» የማይገባው እንግዳ፦ የቤት ዘንዶ አልበላም ሲል ምን ይደረጋል?

«አባዬ፣ ዳቦ ካልበላ 34 ቀን ሆነው» አለኝ የ13 ዓመቱ ልጄ፣ በኅዳር ወር አንድ ማታ። ዳቦ የእባቡ ስም ነው። ሲጠቀለል ድፎ ስለሚመስል ልጄ ያወጣለት ስም ሲሆን እናቱ ግን እስከ ዛሬ «ያ ነገር» እንጂ ዳቦ ብላው አታውቅም። እኔም ሜሪላንድ ድረስ መጥቼ እባብ እቀልባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያደግሁት እባብ ሲታይ ዱላ በሚነሣበት ሰፈር ነው። ይሁንና አንዴ ቤት ከገባ በኋላ እባብም ቢሆን ጦሙን ሲያድር ያሳስባል።

ያን ማታ ያደረግሁት ሁሉ ስሕተት ነበር። አይጧን በጉጠት ይዤ አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት፤ ዞረ። በሌላው በኩል ዞሬ አቀረብኩ፤ ራሱን ጥቅሉ ውስጥ ቀበረ። አወጣሁት፣ ዳበስኩት፣ መለስኩት። በማግስቱ ደገምኩት፣ በሦስተኛው ቀን ሠለስኩት። እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲለን «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያልን የምናጎርስ ሰዎች ነንና ለመለመን ማን ብሎን! እባብ ግን በሞቴ አይገባውም። በለመኑት ቁጥር ይፈራል፣ በፈራ ቁጥር ይጾማል። ይህን ለመማር አራት ወር ፈጀብኝ። እርስዎ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ቢሠሩ ያን ያህል አይፈጅብዎትም።

የማወራው አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በየቤቱ ስለሚቀለበው፣ ቦል ፓይተን ስለሚባለው ትንሽ ዘንዶ ነው። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው፤ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኡጋንዳ ይገኛል። ከዱር ተይዞም ሆነ እዚያው ተፈልፍሎ ለገበያ የሚላከው በብዛት ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። በእኛ አገር ቆላ የሚታወቀው፣ ፍየል ዋጠ የሚባልለት ግዙፍ ዘንዶ ሌላ ዘር ነው። ይኼኛው ካደገ በኋላም ከ1 ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ መርዝም የለውም። ሲደነግጥ ራሱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው «ቦል» የተባለው። የእርስዎ ሌላ ዓይነት እባብ ከሆነ አካሄዱ ያው ቢሆንም የሙቀቱና የጊዜው ቁጥር ስለሚለያይ የራሱን ይጠይቁ።

መጀመሪያ ሚዛን

ቀኑን አይቁጠሩ፣ ግራሙን ይቁጠሩ። ይህን ጽሑፍ አንብበው አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይኼን ያድርጉ። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን ይግዙ። ለዱቄት የሚሆነው ዓይነት ይበቃል፤ ነገር ግን ለእባቡ ብቻ ይሁን፣ ወደ ዱቄቱ አይመለስ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ከዚያ እባቡን ያስገቡ። ቀኑንና ክብደቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። በየ2 ሳምንቱ አንዴ ይበቃል፤ በየቀኑ እያወጡ መመዘን እንደገና መለመን ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? እባብ እንደኛ ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ አያቃጥልም፤ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ጤነኛ ያደገ ቦል ፓይተን ለወራት ጾሞ ክብደቱ ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል። ዳቦ በኅዳር ሲመዘን 1,180 ግራም ነበር፤ በየካቲት ስመዝነው 1,112 ግራም። ከመቶ 6 እንኳ አልሞላም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እሱ ሁለት ሁዳዴ ከነትርፉ ጾሞ ከኔ ያነሰ ከሳ።

እንግዲህ መለኪያው ይኸው ነው፦ ያደገ እባብ ከክብደቱ ከመቶ 10 ያህል ከቀነሰ፣ ወይም የጀርባ አጥንቱ እንደ ቤት ጣሪያ ሾጥጦ ጎኖቹ ከጎደጎዱ፣ መጠበቁ ይቁምና ሐኪም ይታይ። ጥቂት ወር የሆነው ጨቅላ ግን የሚያወጣው ስንቅ የለውም። ከእንቁላል ሲወጣ ከ60 እስከ 70 ግራም ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አንድ ወር ሙሉ ካልበላ ሚዛኑ ባይወርድም እንኳ ሰው ያማክሩ።

ጾም ነው ወይስ ሕመም?

ሁሉም እምቢታ በሽታ አይደለም። ከሚከተሉት አንዱ ከሆነ እባቡ የሚያደርገውን ያውቃል፦

ዓይኑ ወተት የነካው መስሎ ከደበዘዘና ቆዳው ከፈዘዘ፣ ቆዳውን ሊለውጥ ነው። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሳምንት ብዙዎቹ አይበሉም። ቆዳው ወጥቶ 2 ወይም 3 ቀን እስኪያልፍ ምግብ አያቅርቡ።

ያደገ ወንድ ከሆነና ወቅቱ ከመጸው መጨረሻ እስከ ክረምት አጋማሽ ከሆነ (የአሜሪካኑን ክረምት ማለቴ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን)፣ ልቡ ምግብ ላይ አይደለም፤ የድርያ ወቅቱ ነው። ሴት ባይኖርም ይጾማል። የኛው ዳቦ ጉዳይ ግማሹ ይኼ ነበር። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ እንቁላሏን እስክትጥል ድረስ መብላት ልታቆም ትችላለች።

ቤትዎ ከገባ ገና ሳምንቱ ከሆነ ደግሞ ፈርቶ ነው። አዲስ እባብ ሲመጣ ውሃ ብቻ አስቀምጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ፈጽሞ ሳይነኩት ይተዉት። ልጆች ይህን መስማት አይወዱም፤ ያመጡት ሊይዙት ነውና። እኔ ልጄን ያግባባሁት «አንተ አዲስ ትምህርት ቤት በገባህ ቀን ምሳህን በልተህ ነበር?» ብዬ ነው። አልበላም ነበር።

በአንጻሩ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ፣ አፍንጫው ወይም አፉ ላይ አረፋና ንፍጥ ያለው እባብ የሳንባ ኢንፌክሽን ይዞት ይሆናል። ድዱ ቀልቶ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ አፉ ታሟል፤ አፉ የታመመ ደግሞ ቢርበውም አይበላም። ቅርፊቶቹ መሃል ወይም ውሃው ውስጥ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ቅንጣት የሚያክሉ ጥቋቁር ተባዮች ካዩ ደሙን እየመጠጡት ነው። ራሱን ወደ ላይ ቀልብሶ ጣሪያ የሚያይ፣ ሲገለብጡት ተመልሶ መገልበጥ የሚያቅተው፣ ሰውነቱ ላይ እብጠት ያለው ሁሉ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ይሄዳል። የሚቀጥሉት እርምጃዎች ለእነዚህ አይደሉም።

ቤቱን ያስተካክሉ፣ ምግቡን ገና ይተዉት

ጤነኛ እባብ የሚጾምበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሳህኑ ሳይሆን ከቤቱ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም።

ከሙቀት እንጀምር። ታንኩ (የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን) ሁለት አየር ሊኖረው ይገባል፦ በአንዱ ጫፍ የሚተኛበት ቦታ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በአሜሪካኑ አቆጣጠር ከ88 እስከ 92 ፋራናይት)፣ በሌላው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ሴንቲግሬድ (ከ75 እስከ 80 ፋራናይት)። እባቡ በመካከላቸው እየተመላለሰ ራሱን ይመጥናል። ሙቀት ያላገኘ እባብ የዋጠውን መፍጨት አይችልም፤ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስበታል። ስለዚህ ሲበርደው እምቢ ማለቱ ግትርነት ሳይሆን ብልሃት ነው።

እኔን ያሳሳተኝ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው፣ ሰዓት የሚመስለው ርካሽ መለኪያ ነበር። እሱ 90 ፋራናይት ይላል። ሰው መክሮኝ የጨረር ቴርሞሜትር ገዝቼ ዳቦ የሚተኛበትን ወለል ስለካ 79 ሆኖ አገኘሁት። ለካ ቀዝቃዛውን ጫፍ ሞቃት ብዬ፣ ሞቃት የሚባለውን ጭራሽ ሳልሰጠው ኖሬያለሁ። በዚያ ላይ ኅዳር ሲገባ የመብራት ወጪ ለመቀነስ ማታ ማታ የቤቱን ማሞቂያ ዝቅ ማድረግ ጀምረን ነበር። እኛ ጋቢ ደርበን ተኛን፤ እሱ ምን ይደርብ? እርስዎም ልኬቱን ቀን ብቻ አይውሰዱ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ገደማ ስንት እንደሚደርስ ይወቁ። ትንሹንና ትልቁን ቁጥር የሚያስታውስ ዲጂታል መለኪያ ለዚህ ይመቻል።

ማሞቂያው ምንጣፍም ይሁን አምፖል ሙቀቱን በሚቆጣጠር ቴርሞስታት ይያዝ። ያለ ቴርሞስታት የተሰካ ማሞቂያ እባቡን ያቃጥለዋል፤ እባቡም ሆዱ እየተጠበሰ ላይሸሽ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ካለዎት ዛሬውኑ አውጥተው ይጣሉት።

ቀጥሎ እርጥበት። ከመቶ 60 እስከ 70 ይበቃዋል፣ ቆዳ ሲለውጥ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይበል። ክዳኑ ወንፊት የሆነ የመስታወት ታንክ፣ የቤት ማሞቂያ በሚሠራበት ወቅት አየሩ እንደ በረሃ ይደርቃል። የወንፊቱን አብዛኛውን ክፍል በፎይል ወይም በፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ የኮኮናት ልጥ ወይም እርጥበት የሚይዝ ሌላ ጉዝጓዝ ያንጥፉ፣ ሰፊ የውሃ ሳህን ያስቀምጡ። የጥድ ዝርያ ከሆነው ከሴዳር እንጨት የተፋቀውን ጉዝጓዝ ግን ይራቁት፤ ሽታው ይጎዳዋል።

ሦስተኛው መደበቂያ ነው፤ እንደኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። ይህ እንስሳ አገሩ ላይ ቀኑን የሚያሳልፈው በምስጥ ኩይሳና በአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኛ ግን በአራት በኩል መስታወት ባለው ሣጥን መሃል ሳሎን እናስቀምጠዋለን። አውቶቡስ መናኸሪያ መሃል አልጋ ዘርግቶ እንደ መተኛት ነው። ሁለት አንድ ዓይነት መደበቂያ ይግዙ፤ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው ጫፍ ይቀመጥ። አንድ ብቻ ከሆነ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ምረጥ ማለት ነው፣ እሱም ደኅንነቱን ይመርጣል። መደበቂያው ጠባብ ይሁን፤ ተጠቀልሎ ሲገባ ጎኑና ጀርባው ግድግዳውን መንካት አለበት። ሰፊ ቤት መስጠት ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለቦል ፓይተን ግን ሥጋት ነው። የታንኩን ሦስት ጎን በወፍራም ወረቀት ይሸፍኑ፣ መሃሉን በሰው ሠራሽ ቅጠልና በቡሽ ቅርፊት ይሙሉት።

ቦታውንም ይዩት። እኛ ቤት ታንኩ የነበረው ቡና የሚፈላበት ጥግ አጠገብ ነበር። ቡናው በሙቀጫ ሲወቀጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ እባብ ደግሞ የሚሰማው በአብዛኛው ከመሬት በሚመጣ ንዝረት ነው። ከዚያ ዕጣኑ አለ። ዕጣን ለኛ በረከት ነው፣ ለእባብ ሳንባ ግን ጭስ ጭስ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥርም «እስቲ አምጣው እንየው» ይባላል፤ ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ ፎቶ ይነሣል። ታንኩን ሰው ወደማይበዛበት ክፍል ባዛወርን በሳምንቱ ዳቦ ማታ ማታ መንሸራሸር ጀመረ። መብላት ገና ነበር፤ የፍላጎት ምልክት ግን እሱ ነው።

ለሁለት ሳምንት ይርሱት

ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ 14 ቀን ምንም አያቅርቡ። ውሃ ይለውጡ፣ ኩስ ካለ ያንሡ፣ በቃ። አይያዙት፣ ክዳኑን እየከፈቱ አይዩት። ከጠቅላላው ሥራ ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምንም አለማድረግ ነው። እኔ በ9ኛው ቀን ሰረቅሁና አይጥ አቀረብኩ፤ እምቢ አለኝ፤ ቆጠራውን ከአንድ ጀመርኩ።

ምግቡን በወጉ ማቅረብ

አንድ የቃል ነገር ልግለጽ። በአማርኛ ሁሉንም አይጥ ብለን እንገላገላለን። የእባብ ምግብ ሻጮች ግን ትንሿን ማውስ፣ ትልቁን ራት ብለው ይለያሉ፤ እባቡም ይለያል። ማውስ ሲበላ ያደገ እባብ ራት ሲሰጡት ድንጋይ እንደሰጡት ሊቆጥረው ይችላል። መጠኑ የእባቡ ወገብ ከሚወፍርበት ቦታ ያልበለጠ ይሁን። በክብደት ለሚያስቡ፣ ለታዳጊ ከራሱ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 በየ7 እስከ 10 ቀኑ፤ ላደገ ከመቶ 5 ገደማ በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ይበቃል። ብዙ ሰው ያደገውን አብዝቶ ያበላና ሲጠግብ «አልበላም አለ» ይላል።

በበረዶ የተያዘ አይጥ ከሕያው ይሻላል። ሕያው አይጥ ጥርስ አለው፤ ያልራበው እባብ ጋር ካደረ እባቡን እየቦጨቀ ቁስል በቁስል ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። በዚህ ነገር አይቀልዱ።

አቀላለጡ እንዲህ ነው። ከዋዜማው አይጡን በሚዘጋ ፌስታል አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ፌስታሉ ደግሞ በሌላ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። በማግስቱ ማታ ከነፌስታሉ ከ40 ዲግሪ ብዙ ባልበለጠ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንከሩት። የፈላ ውሃ ያበስለዋል፤ ማይክሮዌቭ ደግሞ ሊያፈነዳው ይችላል፣ ያኔ ማይክሮዌቩንም ትዳሩንም ያጣሉ። ሆዱን በጣትዎ ጫን አድርገው ውስጡ እንዳልደደረ ያረጋግጡ። በወረቀት ያድርቁት። ከዚያ ዋናው ነገር፦ ራሱን በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ያሙቁት። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚያዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ በጨለማ አይጥን የሚለየው በሙቀቷ ነው። 37 ወይም 38 ዲግሪ የሆነ ራስ ሕያው ይመስለዋል፤ የቀዘቀዘ አይጥ ግን ለእሱ የለም።

መብራት ካጠፉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያቅርቡ፤ የሌሊት አዳኝ ነው። አይጡን በረጅም ጉጠት ከወገቡ ይያዙ፣ ራሱ ወደ እባቡ ይሁን። ከመደበቂያው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው፣ መሬት መሬቱን እንደሚሄድ አይጥ በቀስታ ያንቀሳቅሱት። ፊቱን አይንኩት። ምላሱን ቶሎ ቶሎ እያወጣ አንገቱን እንደ ኤስ ፊደል ካጠፈ ሊመታ ነውና ትንፋሽዎን ይዋጡ፣ አይንቀሳቀሱ። ራሱን ወደ ኋላ ከሳበ ግን ጉጠቱን ይመልሱ፤ አይከተሉት። አይጡን በትንሽ ሳህን ላይ መደበቂያው ደጃፍ ትተው፣ ክፍሉን ዘግተው ይተኙ። አንዳንዱ የሚበላው ማንም ሳያየው ነው። ጠዋት ካገኙት ይጣሉት፤ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።

ሕጉም ይኼ ነው፦ በአንድ ማታ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ለታዳጊ 7 ቀን፣ ላደገ 14 ቀን ዕረፍት። ከበላ ደግሞ ቢያንስ ለ48 ሰዓት አይያዙት።

አሁንም እምቢ ካለ

ብልሃቶች አሉ፤ ግን አንድ በአንድ፣ በየተራ ይሞክሯቸው። ሁሉን በአንድ ማታ ከሞከሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። በመጀመሪያ መጠኑን ይቀንሱ፤ ይበላው ከነበረው ግማሽ የሚያህል ያቅርቡ። ካልሆነ ዓይነቱን ይለውጡ፦ ራት የነበረ ማውስ፣ ማውስ የነበረ ራት። ፀጉረ ለስላሳ የአፍሪካ አይጥ በሚል ስም የሚሸጠው ከራሱ ከእባቡ አገር የመጣ ስለሆነ ብዙ ግትሮችን አስበልቷል፤ ችግሩ እሱን የለመደ እባብ ወደ ሌላው አልመለስም ሊል መቻሉ ነው። ጤፍ እንጀራ የለመደ ሰው በሉት። ሽታ ማዋስም ይቻላል፤ የቀለጠውን አይጥ ሕያው አይጦች በተኙበት ጉዝጓዝ ወይም በጫጩት ላባ ማሸት ነው፤ ዱር ውስጥ ወፍም ይበላልና። ለጨቅላ ደግሞ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ካርቶን እሱንና የሞቀውን አይጥ አንድ ላይ አድርጎ፣ ካርቶኑን ሙቀቱ በተጠበቀ ታንክ ውስጥ ማሳደር ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሕያው አይጥ የመጨረሻው ነው፤ በተለይ ከዱር ተይዞ ለመጣ እባብ ሌላ መንገድ ሊጠፋ ይችላል። ያኔም ትንሽ አይጥ ይምረጡ፣ ከፊቱ አይነሡ፣ በ15 ደቂቃ ካልነካው ያውጡት። አሜሪካ ውስጥ እሺ ቢባልም በእንግሊዝ አገር ነገሩ በብርቱ የሚነቀፍ ነውና በሚኖሩበት አገር ያለውን ደንብ ቀድመው ይወቁ።

አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም። የእኛ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ የእባብ ጉርሻ መንጋጋውንና ጉሮሮውን ሊቀድ፣ ድንጋጤው ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ሐኪም ካዘዘ ሐኪም ያድርገው።

ከረጅም ጾም በኋላ የመጀመሪያው ምግብ ትንሽ ይሁን። የፋሲካ ዕለት በባዶ ሆድ ክትፎ ላይ የወደቀ ያውቀዋል። ዘንዶ ሲጾም አንጀቱ ይሟሽሻል፣ ሲበላ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንደገና ይፋፋል፤ ይህ በበርማው ዘንዶ ላይ በሚገባ ተጠንቷል። የዋጠውን መልሶ ካስወጣ ሙቀቱን ይመርምሩ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ያሳርፉትና ከበፊቱ ያነሰ ያቅርቡ። ሁለተኛ ካስወጣ ወደ ሐኪም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ

የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እባብ አያክምም። ስልክ ሲደውሉ «ተሳቢ እንስሳት ታያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የተሳቢና የእንቁራሪት አስተኔ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር፣ በምሕጻሩ አራቭ የሚባለው፣ በየአካባቢው ያሉ አባላቱን ዝርዝር ያወጣል። የክብደት ደብተርዎን፣ የታንኩን ፎቶ፣ የሙቀቱን ቁጥርና ካለ ትኩስ ኩስ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ኩሱ የሆድ ትላትል ይመረመርበታል። እባቡን በትራስ ልብስ ቋጥረው ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት፣ መኪናውን አስቀድመው ያሙቁ።

ለቤተሰቡ አንድ ማሳሰቢያ

ባለቤቴ ይህን ክፍል ካልጻፍክ ብላኛለች፤ ልክም ነች። እባብ ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ ይሸከማል፤ በበረዶ የተያዘ አይጥም እንዲሁ፣ በረዶ ሳልሞኔላን አይገድለውም። በአሜሪካ ሲዲሲ የሚባለው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ተሳቢ እንስሳትን እንዳይነኩ ይመክራል። እማማ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ ካሉ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚድህ ልጅ ካለ፣ የእባቡ ክፍል ይዘጋ። ጉጠቱ፣ ሳህኑ፣ የማቅለጫው ዕቃ የእባቡ ብቻ ይሁን፤ በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ። አይጡ የበርበሬና የቅቤ ጎረቤት መሆን የለበትም፤ ትንሽ የብቻ ፍሪዘር መግዛት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልጁም ይታጠብ።

ዳቦ የበላው በ130ኛው ቀን፣ በየካቲት 20 ሌሊት ነው። 45 ግራም የምትመዝን አይጥ ሳህኑ ላይ ትቼለት ተኛሁ፤ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነበር። ልጄ ትምህርት ቤቱ አርፍዶ ሄደ፣ ደስታውን ሲያወራ።

ለልጅዎ እባብ ለመግዛት እያሰቡ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ሻጩን ስንት ግራም እንደሆነ፣ ምን ዓይነት አይጥ፣ ስንት ግራም የሆነ፣ በበረዶ የተያዘ ወይስ ሕያው እንደሚበላና መጨረሻ የበላበትን ቀን ይጠይቁት፤ በወረቀት ይቀበሉት። ይህ እንስሳ በደኅና ከተያዘ 30 ዓመት ይኖራል። በ2020 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ቢያንስ 62 ዓመት ይሆናታል የተባለች ቦል ፓይተን እንቁላል ጥላለች። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እባቡ እርስዎ ጋ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ ሲመግበው ለማየት ሌላ ቀን ተመልሰው ይምጡ፤ ሲበላ ያላዩትን እባብ አይግዙ።